አህያ መላሽን የወጣው ማነው?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ በሁለት ከተሞች መካከል አንድ ዳገት ነበረ። ዳገቱ አሁንም አለ፤ «ነበረ» ያልኩት ለወጉ ነው። የታችኛው ከተማ ይሞቃል፣ የላይኛው ይበርዳል። በመካከላቸው ሰባት ኩርባ ያለው የአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ስድስተኛው ኩርባ አህያ መላሽ ይባላል። ጭነት የያዘ አህያ እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ ስለሚያስብ፣ ብዙውን ጊዜም አስቦ ስለሚመለስ ነው ይላሉ። ሰው ግን የአህያን ያህል ስለማያስብ ይወጣዋል።

ይህን ታሪክ የምነግራችሁ እንድትፈርዱልኝ ነው። እኔ ሞክሬ አቅቶኛል። እስክጨርስ ድረስ ግን አታቋርጡኝ፤ ለክርክሩ በኋላ በቂ ጊዜ አላችሁ።

አቶ ድንቁ በወጣትነታቸው የታችኛው ከተማ ቴሌግራም አድራሽ ነበሩ። ለላይኛው ከተማ ቴሌግራም ሲመጣ በብስክሌት ዳገቱን ወጥተው ለባለቤቱ ያደርሳሉ። ከሁሉ የሚበዛው ቴሌግራም የሚላከው ለአንድ እህል ነጋዴ ነበር፤ እህል ነጋዴው ደግሞ ፀዳለ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። አንዳንዱ ቴሌግራም ነገ ቢደርስ የሚበቃው ሆኖ ሳለ ዛሬ የደረሰው በእሷ ምክንያት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ወጣቱ ድንቁ በሩ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አልቆ አንድ ቃል ብቻ ይወጣቸዋል። «መጣሁ» ይላሉ።

ፀዳለ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጫማቸውን ታያለች። በክረምት ጫማው ጭቃ ከነካው ድንቁ ከብስክሌቱ ወርደው ገፍተዋል ማለት ነው። «ዛሬስ አልመጣህም» ትላቸዋለች። «በእግርህ ነው የወጣኸው። ይሄንን ማንም ያደርገዋል።» ቴሌግራሙን ተቀብላ ትገባለች፤ ሰውዬው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይመለሳሉ። ጨካኝ ልጅ ነበረች ብትሉኝ አልቃወምም። ድንቁ ግን በዚያው ክረምት አህያ መላሽን እግራቸውን መሬት ላይ ሳይጥሉ መውጣት ቻሉ፤ በዓመቱም ተጋቡ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በታችኛው ከተማ አብረው ኖሩ። አቶ ድንቁ በየማታው በሩን ከፍተው «መጣሁ» ይላሉ፤ ወይዘሮ ፀዳለም ከጓዳ «እንኳን መጣህ» ይላሉ። ሴትየዋ በታመሙ ጊዜ ላይኛው ከተማ፣ ወላጆቻቸው ባሉበት ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበሩ ተናዘዙ። ባላቸውን ወደ አልጋቸው ጠርተው ያሏቸው የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው፦ «ስትጠይቀኝ እንደ ድሮህ ና። በሰው መኪና ተጭነህ መጥተህ መጣሁ እንዳትለኝ። እውነት ካልሆነ አልሰማህም።» አቶ ድንቁም «እንደ ድሮዬ እመጣለሁ» ብለው ቃል ገቡ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ቃላቸውን ጠበቁ። ወይዘሮ ፀዳለ ያረፉበት ቀን ጥር አሥራ አራት ነው። በዚያ ቀን ሽማግሌው በጠዋት ተነስተው ብስክሌታቸው ላይ ይወጣሉ፤ ሰባቱን ኩርባ እግር ሳይጥሉ ይጨርሳሉ፤ ብስክሌቱን ከአጥሩ ጋር አስደግፈው መቃብሩ አጠገብ ይቆሙና «መጣሁ» ይላሉ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አይጨምሩም። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ይወርዳሉ። በሌላው ቀን ቃሉን ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። በራቸውን ከፍተው ሲገቡ ዝም ነው፤ ባዶ ቤት ውስጥ ለማን ይባላል? ጎረቤቶቻቸው ኮራ ያሉ ሰው ይመስሏቸው ነበር። እኔ ግን እነግራችኋለሁ፣ ሰውዬው ብቸኛ ነበሩ፤ ከዓመቱ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ውስጥ ሦስት መቶ ስልሳ አራቱን የሚኖሩት ለአንዱ ቀን ሲሉ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት መስከረም ላይ አቶ ድንቁ ከአልጋ ሲነሱ ወለሉ ወደ ግራ ያዘመመ መሰላቸው። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ አንዴ ግቢያቸው ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ከብስክሌት ላይ፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር። ሐኪሙ መርምሯቸው ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯቸው እንደተጎዳ ነገራቸው።

«ልብዎም እግርዎም ለሰባ አራት ዓመት ሰው ደህና ናቸው» አላቸው። «ብስክሌት ይዘው መንገድ እንዳይወጡ እንጂ ቤት ውስጥ ቢንቀሳቀሱ ጥሩ ነው።»

«ጥር ላይስ?» አሉ አቶ ድንቁ።

ሐኪሙ ጥር ምን እንዳለ አልገባውም። «ጥርም ላይ ቢሆን» አላቸው።

ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቋ መንበረ እዚያው ታችኛው ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናት። ትዳሯ ፈርሶ ለብቻዋ ትኖራለች፤ አባቷን በየሁለት ቀኑ ትጠይቃለች፤ ሁለቱም ብዙ ስለማይናገሩ አብረው ራዲዮ ይሰማሉ። ታናሹ ውብሸት በትልቁ ከተማ የስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶችን መሣሪያዎች የሚጠግን ሰው ነው። እናቱ የሞቱ ጊዜ ስልክ በማይሠራበት በረሃ የውሃ ፓምፕ ይተክል ነበር። መርዶው ደርሶት ሲመጣ ከቀብሩ አራተኛው ቀን ሆኗል። ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን ራሱን ስለወቀሰ የእናቱን መቃብር ለማየት አልደፈረም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልሄደም።

ውብሸት የሐኪሙን ቃል በስልክ ሰማና በሳምንቱ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ። ከአንዱ ማዘውተሪያ ቤት «አይረባም» ተብሎ የተጣለ፣ እሱ ግን ያዳነው የቤት ውስጥ ብስክሌት መለማመጃ ነበር። የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ይወልቅና ካቴናው ከመሣሪያው ጋር ይያያዛል። መሣሪያው ከስልክ ጋር ተነጋግሮ ፔዳሉን ያከብዳል፣ ያቀላል። በስልኩ የአንድን መንገድ ካርታ ብትሰጡት፣ መንገዱ ዳገት ሲሆን እግራችሁ ዳገት ይሰማዋል። የአቶ ድንቁ አሮጌ ብስክሌት ለመሣሪያው ስላልገጠመ ውብሸት ሌላ ብስክሌት ጨምሮ አመጣ።

«አባባ፣ አህያ መላሽን እዚሁ አመጣሁልዎት» አላቸው።

አቶ ድንቁ ወጥተው ፔዳል መቱ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወረዱ። «ልጄ፣ ይሄ ዳገት ነው ወይስ የዳገት ፎቶግራፍ?»

ውብሸት ነገሩን ሲመረምር እውነታቸውን ነው። መሣሪያው ሰው እንዳይሰለች ተብሎ ሲሠራ ጀምሮ የዳገቱን ግማሽ ብቻ እንዲሰጥ ተስተካክሏል። መንገዱ በመቶ ሜትር አሥር ሜትር ሽቅብ ሲወጣ እግር የሚሰማው አምስቱን ነው። ውብሸት ወደ ሙሉው አዞረው። በማግስቱ አቶ ድንቁ እንደገና ወጡና እስከ ስድስተኛው ኩርባ ደረሱ፤ እዚያ ግን በንዴት ፔዳሉን ረግጠው አቆሙ።

«አህያ መላሽ የት ሄደ?»

«ያው ነው አባባ፣ ካርታው ከመቶ ዘጠኝ ይላል።»

«ካርታህን የሠራው ሰው በአውሮፕላን ነው ያለፈው። እኔ በዚያ ኩርባ ላይ አርባ ስምንት ዓመት ደም ተፍቻለሁ።»

ካርታ ኩርባን እንደሚያለሳልስ ውብሸት በሥራው ያውቃል። ቀጥ ያለውን ዳገት ከጎኑ ካለው ገር መንገድ ጋር ደባልቆ አማካዩን ይሰጣል። ስለዚህ ዳገቱን በእጁ ሊለካ ወሰነ። እንዴት እንደለካው በኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ከኩርባው ከመቶ አሥራ ስምንት ይዞ እንደተመለሰ ብቻ እወቁ። የብስክሌቱን የፊት ጎማ ደግሞ በመኪና ክሪክ ላይ አስቀመጠው። መንገዱ ሜዳ ሲሆን ክሪኩን ያወርዳል፣ ዳገት ሲሆን ያነሳዋል፤ የሽማግሌው ወገብ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ክንዳቸውም መሪው ላይ ይወጠራል። ለነፋሱ ደግሞ ማራገቢያ አቆመ፤ መቼ እንደሚከፈት ግን አቶ ድንቁ ራሳቸው ደነገጉ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከገደሉ ነፋስ ስለሚመጣ ይከፈት፤ አህያ መላሽ ላይ ግን ድንጋዩ ነፋስ ስለሚከለክል ይዘጋ አሉ።

በታኅሣሥ መጨረሻ መሣሪያው ዳገቱን መሰለ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱንም ያነሱት ራሳቸው አቶ ድንቁ ናቸው። «ዳገት የሚያስፈራው ስለሚከብድ አይደለም» አሉ። «ከዘገየህ ስለምትወድቅ ነው። ይሄ ሰንጎ ይዞኛል፣ አይጥለኝም።»

«እንዳይጥልዎት እኮ ነው ያመጣሁት» አለ ውብሸት።

መንበረ በዚህ ሁሉ ጊዜ በር ላይ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን ብቻ ተናገረች። «እማዬ የምትጠብቀው እላይ ነው። እዚህ ያለው ግድግዳ ነው» አለችና ለአባቷ ውሃ አቀበለች።

እንግዲህ ጥር አሥራ አራት ደረሰ። ሦስቱ ያደረጉትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ለማንም አላዳላም፤ ካዳላሁ ገስጹኝ።

አቶ ድንቁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በየዓመቱ ለመቃብሩ የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በክፍላቸው ውስጥ ብስክሌቱ ላይ ወጡ። ፊት ለፊታቸው ኖራው የተላጠ ግድግዳ አለ። ውብሸት በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ክሪኩን፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። «ከዳገቱ አንዲት ነጥብ እንዳትቀንስብኝ» አሉት። አንደኛውን ኩርባ ወጡ፣ ሁለተኛውን ወጡ። ሦስተኛው ላይ ነፋሱ ተከፈተላቸው። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ላባቸው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ ወለሉን አረጠበ። አህያ መላሽ ሲደርስ ከኮርቻው ተነስተው ቆመው መቱ፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል፣ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። እግራቸው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከፔዳሉ አልወረደም። ሰባተኛውን ጨርሰው ስልኩ «ተጠናቀቀ» ሲል ከጀመሩ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሆኗቸዋል። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሊሉት የነበረውን ሳይሉት መልሰው ዘጉት። ያ ግድግዳ አሁንም ፊታቸው ነበር። ዳገቱን ወጥተው የትም አለመድረሳቸውን ያን ጊዜ አወቁት፤ ውብሸትም ሲያለቅሱ ላለማየት ክሪኩን የሚያወርድ መስሎ አቀረቀረ።

መንበረ በዚያው ጠዋት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ የአባቷን አሮጌ ብስክሌት ከዕቃ ቤት አውጥታ ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። ብስክሌት መንዳት ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ እሷ ግን ከነዳች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ አህያ መላሽንም በብስክሌት ወጥታው አታውቅም። ከጥቅምት ጀምሮ በትንንሾቹ ኩርባዎች ላይ ብቻዋን ስትለማመድ ነበር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የገደሉ ነፋስ መሪዋን ሊነጥቃት ታገላት። አምስተኛው ላይ የሲሚንቶ መኪና ጥሩምባውን ነፋባት፤ ረዳቱም በመስኮት «እናት፣ እንሳብሽ ወይ?» ብሎ ሳቀባት። አህያ መላሽ ላይ ስትደርስ ብስክሌቱ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ሊወድቅ ሲያዘም ግራ እግሯ ራሱ መሬት ያዘ። አሥራ አንድ እርምጃ ገፋች። ቆጥራዋለች። ከዚያ ወጥታ ቀሪውን ሳትወርድ ጨረሰች። እግሯን ስትጥል ያያት ሰው የለም፤ የሲሚንቶው መኪና ካለፈ በኋላ መንገዱ ባዶ ነበር። መቃብሩ አጠገብ ደርሳ ብስክሌቱን አስደገፈች፤ ነገር ግን ምንም ሳትል ተቀመጠች።

ውብሸት በዚያ ቀን አንድም ፔዳል አልመታም። የእሱ ዳገት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር የተወጣ ነው። አራት እሑድ በተከታታይ በጉልበቱ እየተንበረከከ መንገዱን ለካ። ሁለት ሜትር ጣውላ አስፋልቱ ላይ ያጋድማል፣ የግንበኛ ውሃ ልክ በላዩ ያስቀምጣል፣ አረፋዋ መሐል እስክትገባ የታችኛውን ጫፍ ያነሳል፤ ከዚያ ጫፉ ከመሬት ስንት ሳንቲ እንደራቀ በደብተሩ ይጽፋል። አህያ መላሽ ላይ ሠላሳ ስድስት ሳንቲ አገኘ። የዚያን መንገድ እያንዳንዱን ስንጥቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ መዳፉ ተልጧል። መለኪያው የሚያልቀው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። አራቱንም እሑድ በሩ ድረስ ደረሰ፤ አራቱንም ጊዜ በሩን በእጁ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ለእናቱ መጣሁ ብሎ የማያውቅ፣ ከሁሉም በላይ ግን ለማለት የሚናፍቅ እሱ ነበር። ከእናቱ ቀብር የቀረ ልጅ በዚያ በር እንዴት ይገባል ብሎ ነው የተመለሰው፤ ይህን ለእህቱም ለአባቱም አልነገረም።

አሁን መቃብሩ አጠገብ እንሰብስባቸው።

አቶ ድንቁ ላባቸው ከደረቀ በኋላ «ውሰደኝና አጠገቧ ልቀመጥ። አልናገርም፣ በመኪና ነው የምመጣው» አሉ። ውብሸት ከጓደኛው በተዋሰው መኪና ይዟቸው ወጣ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«ግባ እንጂ» አሉት አባቱ።

«እኔ እዚህ እጠብቅዎታለሁ።»

«ሚዛን የለኝም ልጄ። ማን ይደግፈኛል?»

ውብሸት ወርዶ ክንዳቸውን ያዘ፤ እናቱ ከተቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን በር ያለፈው አባቱን እየደገፈ ነው። ገብተው መንበረን ከነብስክሌቱ አገኟት። አቶ ድንቁ መጀመሪያ ብስክሌቱን አዩ፤ ቀጥሎ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ሁሉንም ነገር አወቁት።

«ወጣሽው?» አሉ።

«ወጣሁት አባባ።»

«እንግዲያው ተናገሪያ! አንቺ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ብስክሌት መጥተሻል። ንገሪያት።»

መንበረ ራሷን ነቀነቀች። «አህያ መላሽ ላይ እግሬን ጥያለሁ። አሥራ አንድ እርምጃ ገፍቻለሁ። እማዬ እንዲህ ለመጣ ሰው ምን ትል እንደነበር ያውቃሉ። ደግሞስ ቃሉን የገቡት እኔ ነኝ? እርስዎ ነዎት። ሰባቱንም ኩርባ እግር ሳይጥሉ ጨርሰዋል፤ እርስዎ ይበሉ።»

«እውነቷን ነው» አለ ውብሸት በዝግታ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ተሰበረ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። አህያ መላሽ ላይ ከንፈርዎ ሲነጣ ፈራሁ። ከአሥራ ስምንት ወደ አሥራ ሦስት ዝቅ አድርጌዋለሁ።»

አቶ ድንቁ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ አንድ የደረቀ ቅጠል አነሱና በጣታቸው አደቀቁት።

«ሲቀል አውቄዋለሁ» አሉ። «አርባ ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ኩርባ ሲቀል የማላውቀው ይመስልሃል? አውቄ ዝም አልኩ። ደስም አለኝ። እንዳልሞት ፈርቼ ነበር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንተማ አድነኸኛል። ዳገቱን ሁሉ ተንበርክከህ የለካህ አንተ ነህ። ያንን ጣውላ ይዘህ እዚህ በር ድረስ ስትመጣ ገብተህ አይተሃት ነበር?»

ውብሸት ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። መንበረ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «አንድም ቀን አልገባህም እንዴ ውቤ?»

«በየትኛው አፌ እትዬ? ሳትቀበር ያልደረስኩ ሰው መጣሁ ልበላት?»

«እና መቼ ልትላት ነው?» አለች መንበረ፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

አቶ ድንቁ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ቀጥ አሉ። «አንድ ሰው ይበላት» አሉ። «ሦስታችንም አብረን ብንል ሁለቱ ቃል ውሸት ይሆናል፤ ለእሷ ውሸት አልናገርም። ዝም ብለን ብንወርድ ደግሞ ዘንድሮ ማንም አልጠየቃትም ማለት ነው። የመጣ ሰው ይናገር።»

አባት ልጆቹን ያያል፣ ልጆቹ አባታቸውን ያያሉ። ከታች የጭነት መኪና ማርሽ እየቀየረ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማል። ሦስት ሰዎች በአንድ መቃብር ዙሪያ ቆመው፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ነበሩ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ይህን ታሪክ ለብስክሌተኞች ነግሬያቸው እርስ በርስ ተጣልተውብኛል። አንዱ «እግር የጣለ የጣለ ነው፤ አባትየው ይበሉ» አለ። ሌላው «ከክፍል ሳይወጡ መጣሁ ማለት ምን ዓይነት መምጣት ነው? ልጅቷ ናት የመጣችው፤ አሥራ አንድ እርምጃ ለምን ይቆጠርባታል» ብሎ ጮኸበት። አንዲት ጠበል የምትቀዳ ሴት ደግሞ ሁለቱንም ሰምታ ስታበቃ «እናት የምትሰማው ሳይመጣ የቀረባትን ልጅ ነው» ብላኝ እንስራዋን ይዛ ሄደች። እያንዳንዱ ሲናገር አምኜዋለሁ፤ ቀጣዩ ሲናገር ደግሞ ትቼዋለሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ትከሻችሁን ነቅንቃችሁ እንዳታልፉኝ።

ሽማግሌው ቃሉን ገብተዋል፣ ሰባቱን ኩርባም ከኮርቻቸው ሳይወርዱ ጨርሰዋል፤ ነገር ግን ከቤታቸው ስንዝር አልራቁም፣ ከባዱ ኩርባ ሲቀልላቸውም ዝም ብለዋል። ልጅቷ እውነተኛውን ዳገት በእውነተኛ ነፋስ ወጥታለች፤ ነገር ግን እግሯን ጥላለች፣ ቃሉም የአባቷ ነው። ወንድ ልጁ መንገዱን በጉልበቱ ስንዝር በስንዝር ሄዶታል፣ ቃሉም ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው፤ ነገር ግን ፔዳል ያልመታው፣ የአባቱንም ዳገት የቀነሰው እሱ ነው።

ወይዘሮ ፀዳለ እውነት ካልሆነ አልሰማም ብለዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው፤ ቀኑም እያለፈ ነው። እስቲ ፍረዱ፦ ከሦስቱ ማን አፉን ከፍቶ «መጣሁ» ይበላቸው?